ስውሩ ዕጢ፦ ከሙኒክ እስከ ቱነይድባ

በ1857 ሉድቪግ ቤንጃሚን የተባለ ሐኪም ሜላኖማ የተሰኘው ካንሰር በመላ አካሉ የተሠራጨበትን የአንድ ሕመምተኛ አስከሬን መረመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካንሰሩ በራስ ቅል ወለል ላይ እስከተሸሸገችው ፒቱታሪ ድረስ ዘልቆ አገኘው። ከሌላ አካል የተነሣ ካንሰር እዚያ ቦታ እንደሚደርስ በጽሑፍ ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነው። ቤንጃሚን ያየውን መዘገበ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዳ አይችልም ነበር፤ ፒቱታሪ ምን እንደምትሠራ በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረምና።

ፒቱታሪ ከሽምብራ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። ከአፍንጫ በስተኋላ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት በታች፣ በአጥንት ጉድጓድ ውስጥ ትቀመጣለች። የፊተኛው ክፍሏ ለታይሮይድ፣ ከኩላሊት በላይ ለሚገኙት አድሬናሎች፣ ለእድገት፣ ለወሊድና ለጡት ወተት ትእዛዝ የሚሰጡ ሆርሞኖችን ያመነጫል። የኋለኛው ክፍሏ ደግሞ ኩላሊት ውኃን እንዳያባክን የሚከለክለውን ሆርሞን ይለቃል። የኋለኛው ክፍል ደሙን የሚያገኘው በቀጥታ ከደም ቧንቧ ሲሆን፣ የፊተኛው በአብዛኛው ሌላ ቦታ ዞሮ የመጣ ደም ይደርሰዋል። በደም ተሳፍሮ የሚጓዝ ካንሰርም ቀድሞ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በኋለኛው ክፍል ነው። ይህ የአናቶሚ ጉዳይ በኋላ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ከፒቱታሪ ታሪክ ጋር በኋላ የሚገናኘው የሁለተኛው ታሪክ መነሻ ደግሞ አንጀት ውስጥ ነው። በ1867 ቴዎዶር ላንግሃንስ በሳንባ ነቀርሳ በሞተች ሴት ትንሹ አንጀት ላይ አንዲት ያልተለመደች እባጭ አየ። በ1888 ኦቶ ሉባርሽ በሁለት አስከሬኖች ላይ ተመሳሳይ ነገር ገለጸ። በ1907 ግን ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር የተባለ የሙኒክ ፓቶሎጂስት በስድስት ሕመምተኞች ላይ ያያቸውን እነዚህን ትናንሽ ዕጢዎች ለብቻቸው ለይቶ «ካርሲኖይድ» አላቸው፤ ካንሰር ይመስላሉ እንጂ ካንሰር አይደሉም ለማለት። ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ወደ ሌላ አካልም አይዘምቱም ብሎ ነበር።

በዚሁ መካከል ፒቱታሪም ምሥጢሯን ማውጣት ጀምራ ነበር። በ1886 ፈረንሳዊው ፒየር ማሪ እጅ፣ እግርና መንጋጋ ከልክ በላይ የሚያድጉበትን አክሮሜጋሊ የተባለ በሽታ ገለጸ፤ ብዙም ሳይቆይ መነሻው የፒቱታሪ ዕጢ መሆኑ ታወቀ። በ1913 ደግሞ ፋሪኒ በኢጣሊያ፣ ፎን ደን ፌልደን በጀርመን፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው፣ ከፒቱታሪ የኋለኛ ክፍል የተወሰደ ፈሳሽ ሲወጋ ያለማቋረጥ የሚሸኑ ሰዎች ሽንታቸው እንደሚቀንስ አሳዩ። ስኳር የሌለበት፣ ሽንቱ እንደ ውኃ የቀጠነ፣ ጥሙ የማይቆረጥ ሕመምተኛ ችግሩ ከኩላሊቱ ሳይሆን ከራስ ቅሉ ሥር ሊሆን እንደሚችል ሕክምናው የተረዳው ያኔ ነው። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን «ዲያቤትስ ኢንሲፒደስ» ሲሉት የኖሩት ይህ ሕመም ካንሰር ወደ ፒቱታሪ ሲዘምት በብዛት ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው።

በ1928 ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ግራ የሚያጋባ ታሪክ አሳተመ። ጢም ያበቀለችና ስኳር በሽታ የያዛት አንዲት ሴት ሞታ ስትመረመር አድሬናሎቿ አብጠው፣ በሳንባዋ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ ሕዋሳት ያሉት ካንሰር ተገኘ። ሃርቪ ኩሺንግ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ ከፒቱታሪ ጋር አያይዞ የገለጸው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1932 ነው። በብራውን ሕመምተኛ ሳንባና በአድሬናሎቿ መካከል ምን ግንኙነት እንዳለ ለማወቅ ግን ሌላ ሠላሳ ዓመት ያህል ማለፍ ነበረበት።

ኦበርንዶርፈርም የ1907 ቃሉን አጠፈ። በ1929 ሠላሳ ስድስት የካርሲኖይድ ታሪኮችን ሰብስቦ ሲያጠና፣ እነዚህ ዕጢዎች ሊከፉና ወደ ሌላ አካል ሊዘምቱ እንደሚችሉ ጻፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ፤ ኦበርንዶርፈር አይሁዳዊ ስለነበር ከሥራው ተባረረ። ቱርክ በዚያው በ1933 ዩኒቨርሲቲዋን ስታድስ ከጀርመን የተባረሩ ምሁራንን ትቀበል ነበርና ኢስታንቡል ገባ። በዚያ ለቱርክ ሐኪሞች ፓቶሎጂን ሲያስተምር ቆይቶ በ1944 በስደት አገሩ ሞተ። ለዕጢው ስም ያወጣለት ሰው ራሱ ስደተኛ ሆኖ ማለፉ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ብዙ አይወሳም።

ካርሲኖይድ የአንጀት ብቻ አለመሆኑን ያሳየው ሄርቪክ ሃምፐርል ነው፤ በ1937 በሳንባ የአየር ቱቦዎች ውስጥም እንዳለ ገለጸ። ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሡት፣ ዛሬ የሳንባ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች የሚባሉት አራት ናቸው፦ ቀስ ብሎ የሚያድገው ካርሲኖይድ፣ ከእርሱ ፈጠን የሚለው ያልተለመደው ካርሲኖይድ፣ ትልልቅ ሕዋስ ያሉት ኃይለኛ ካንሰርና ከሁሉም የሚፈጥነው ባለ ትናንሽ ሕዋስ ካንሰር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሲጋራ ጋር በጥብቅ የተቆራኙ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አጭሶ የማያውቀውንም ሰው ይይዛሉ። የአየር ቱቦ ውስጥ ስለሚበቅሉ ሳል፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ በአንድ ቦታ ብቻ እየተመላለሰ የሚመጣ የሳንባ ምች ያስከትላሉ። አስም ወይም ቲቢ ተብለው ለዓመታት መታከማቸው ያልተለመደ አይደለም።

ሆርሞን የሚያመነጩ ሕዋሳት በመሆናቸው ሌላም ተንኮል አላቸው። በ1959 አልትማንና ሹትዝ አክሮሜጋሊ ያለበት ሰው በሳንባው ካርሲኖይድ እንደተገኘበት ገለጹ። በ1962 በአሜሪካ የግራንት ሊድል ቡድን ከፒቱታሪ ውጭ ያለ ካንሰር የፒቱታሪን ሆርሞን ራሱ እያመረተ አድሬናሎችን ሊያሳብጥ እንደሚችል አረጋገጠ። የብራውን ጢማም ሴት እንቆቅልሽ ያን ጊዜ ተፈታ። ለዚህ ሁሉ የረዳው በደም ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ሆርሞን መለካት መቻሉ ነው፤ ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፉት ዘዴ ያሎውን በ1977 ለኖቤል አበቃት። በርሰን ከዚያ በፊት ስለሞተ ሽልማቱ አልደረሰውም።

ከሆርሞን ልኬት ቀጥሎ ስካን መጣ፦ በ1971 ለንደን ውስጥ የጎድፍሪ ሃውንስፊልድ ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን ሰው ጭንቅላት አነሣ። በ1982 ደግሞ የአክሮሜጋሊው እንቆቅልሽ መልስ አገኘ። የአሜሪካና የፈረንሳይ ሐኪሞች አክሮሜጋሊ ከያዛቸው ሕሙማን ቆሽት ላይ ከወጡ ዕጢዎች አዲስ ሆርሞን ለዩ፤ ፒቱታሪን «የእድገት ሆርሞን ልቀቂ» ብሎ የሚያዝዝ ነው። የሳንባ ካርሲኖይድም ይህንኑ ያመርታል። ስለዚህ ከሳንባ የተነሣ ዕጢ ፒቱታሪን በሁለት መንገድ ይነካል፦ ወይ ራሱ ሄዶ ይሰፍርባታል፣ ወይ ባለበት ሆኖ ትእዛዝ እየላከ ያሳብጣታል። ይህ ሳይታወቅ በነበረበት ጊዜ ችግሩ ሳንባ ውስጥ ሆኖ ፒቱታሪያቸው የተቆረጠባቸው ሰዎች ነበሩ።

ታላላቅ ላቦራቶሪዎች ይህን ሲፈቱ፣ በምሥራቅ ሱዳን ሜዳ ላይ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በ1984 እና በ1985 ረሃብና ጦርነት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ ገዳሪፍና ከሰላ ገፋ። ኡም ራኩባ፣ ወድ ከውሊ፣ ቱኩልባብ የመጠለያ ስሞች ሆኑ። ከጎንደር የወጡት ቤተ እስራኤላውያን ከኡም ራኩባ ተነሥተው በ«ኦፕሬሽን ሙሴ» ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። በዚያ ዘመን በመጠለያዎቹ የሚገድሉት ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ወባና ረሃብ ነበሩ። ካንሰር ያለበት ሰው ይኖር እንደሆን የሚጠይቅም፣ የሚመረምርም አልነበረም።

ኢትዮጵያ ውስጥም መንገዱ አጭር አልነበረም። የአዲስ አበባ ሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ የጀመረው ግን በ1997 ነው፤ ከዚያም ለሃያ ዓመታት ያህል ለመላ አገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ቆየ። ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከጅማና ከሐረር የመጣ ሕመምተኛ ወረፋ የሚጠብቀው አንድ በር ላይ ነበር። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2006 ሲሆን፣ በፒቱታሪ አካባቢ ያለን ዕጢ ሊነካ የሚችል እጅ ያኔ መብዛት ጀመረ። በ2004 ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። በ2011 የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ሥራ ጀመረ። ከ2016 ጀምሮ ብሔራዊው የካንሰር ዕቅድ የጨረር ሕክምናን ወደ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌ ለማድረስ ወጠነ።

በሌላው ዓለም ደግሞ የሕክምናው ጓዳ ሞላ። በ1988 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኦክትሪዮታይድ የካርሲኖይድን ሆርሞን የሚገታ መርፌ ሆነ። በ2016 ኤቨሮሊመስ የተባለው ክኒን ለሳንባ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች ተፈቀደ። ፓቶሎጂስቶችም ከፒቱታሪ የተወሰደ ናሙና ከዚያው የበቀለ ይሁን ከሳንባ የመጣ ለመለየት ልዩ ማቅለሚያዎች ያዙ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ የሁለቱም ሕዋሳት በተራ ምርመራ ይመሳሰላሉ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት የዕጢ ምደባ የፒቱታሪን የራሷን ዕጢዎች ሳይቀር «ኒውሮኢንዶክራይን» ብሎ ሲመድብ፣ ዝምድናቸው በይፋ ተጻፈ። ለሐኪሙ ፍንጭ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ታሪኩ ነው፦ በፍጥነት የተነሣ ጥም፣ የዓይን ብርሃን መቀነስ፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ አብሮም የቆየ ሳል። ከፒቱታሪ የሚወለዱት ጤነኛ ጠባይ ያላቸው ዕጢዎች የውኃውን ሆርሞን እምብዛም አያጠፉም። ስለዚህ ያ ጥም ከታየ ከውጭ የመጣ ነገር መጠርጠር አለበት።

ስደተኛና ካንሰር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ዓለም በአኃዝ ያየው ከሱዳን ሳይሆን ከዮርዳኖስ ነው። በ2014 «ላንሴት ኦንኮሎጂ» ላይ ፖል ስፒገልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት እንደሚለው፣ ከ2010 እስከ 2012 ድረስ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ውድ ሕክምናን የሚወስንበት ኮሚቴ ከቀረቡለት 1,989 ማመልከቻዎች 511ዱ የካንሰር ነበሩ፤ የተፈቀደላቸው 246 ናቸው። ውድቅ ለመሆን ዋናው ምክንያት የመዳን ተስፋ ማነስ ነበር። ወደ ፒቱታሪ የዘመተ የሳንባ ካንሰር በዚህ መስፈርት ወዴት እንደሚወድቅ መገመት አያዳግትም። ከዚያም በፊት ወደ ኮሚቴው የሚቀርበው ምርመራ የተደረገለት ሰው ብቻ ነው።

በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ከሑመራ፣ ከማይካድራና ከአካባቢው የተነሡ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ሱዳን ውስጥ ሐምዳይት ገቡ፤ ሌሎች በሉግዲ በኩል ወጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥራቸው ከ60,000 አለፈ። በ1984 ስደተኞችን ያስጠለለው የኡም ራኩባ መጠለያ እንደገና ተከፈተ። እርሱ ሲሞላ፣ በጥር 2021 በገዳሪፍ ግዛት ቱነይድባ ተቋቋመ፤ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችም ሰፈሩበት። መሬቱ ክረምት ሲመጣ እግር የሚይዝ ጥቁር ጭቃ ነው፤ በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና ሌሎች ድርጅቶች ክሊኒክ ከፍተው ወባን፣ ተቅማጥን፣ ወሊድን፣ ቲቢን፣ ስኳርንና ደም ግፊትን ያዙ። ሥራው ትልቅ ነበር፤ ግን ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ፣ የሆርሞን ምርመራና ፓቶሎጂስት የመጠለያ ክሊኒክ ዕቃዎች አይደሉም።

እዚህ ላይ በሽታውን ወደ ቱነይድባ እናምጣው፤ ማንንም ሳንጠራ፣ ሊሆን የሚችለውን ብቻ። አንድ ጎልማሳ ለወራት ሲያስለው ኖሯል፤ ክብደቱም ቀንሷል። አክታው ለቲቢ ይመረመራል፤ ነፃ ይባላል። ከዚያ ሌሊቱን ሁሉ መሽናትና ውኃ መጠማት ይጀምራል። ደሙ ለስኳር ይታያል፤ ትክክል ይሆናል። በስደተኞች መጠለያ የታለመው የውኃ መጠን ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ነው፤ መጠጡም፣ ማብሰያውም፣ ማጠቢያውም ከዚያው ነው። ይህ ሕመም የጠናበት ሰው በቀን ከ10 ሊትር በላይ ሊሸና ይችላል። በዚያ ሙቀት ውኃው ሲዘገይ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ያሻቅባል፤ ራሱን ይስታል። ወይም ደግሞ የአድሬናል ትእዛዝ ስለተቋረጠበት ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ አቅም ያጣል፤ ወባ ወይም የተቅማጥ ድርቀት ይመስላል። ግሉኮስና የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሞታል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የታወቀ ስም ነው።

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የሕክምናው ሰንሰለት ከላይም ተበጠሰ። ሱዳን በ1960ዎቹ የካርቱምን፣ በ1990ዎቹ የወድ መደኒን የካንሰር ማዕከላት አቋቁማ ነበር፤ በዚህ ረገድ ከኢትዮጵያ ትቀድም ነበር። የካርቱሙ በጦርነቱ መጀመሪያ ተዘጋ፤ ወድ መደኒም በታኅሣሥ 2023 ከሱዳን ጦር ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ወደቀች። ገዳሪፍ ያለው የምሥራቅ ኦንኮሎጂ ማዕከል ከየአቅጣጫው የሸሹ ሕሙማን ተጨናነቁበት። ኬሞቴራፒ ቢሰጥም ጨረር የሚፈልገው ሰው መንገዱ በሰሜን ወደምትገኘው መረዊ፣ በጦር ግንባሮች ዙሪያ ሆነ። ወዲህ ማዶም መቀሌ ያለው ዓይደር ሆስፒታል በትግራይ ጦርነት ዘመን ለካንሰር ሕሙማኑ የሚሰጠው መድኃኒት አልቆበት ነበር። ስደቱም ተገለበጠ፦ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ተሻግረው በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ።

ከ1857 እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል። ይህ በሽታ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር «በዝቶ» ታይቷል፤ የበዛው ግን በሽታው ሳይሆን ዓይኑ ነው። መጀመሪያ የሬሳ ምርመራ፣ ቀጥሎ ማይክሮስኮፕ፣ ከዚያ የሆርሞን ልኬት፣ በመጨረሻም ስካን አወጡት። ሳንባና ጡት ወደ ፒቱታሪ ለሚዘምቱ ካንሰሮች ሁለቱ ዋና መነሻዎች መሆናቸውም የታወቀው እንዲህ ነው። በገዳሪፍ ሜዳና በመተማ ቆላ ይህ ሕመም «የለም» የሚል ሰው ስለ በሽታው እየተናገረ አይደለም፤ ስለ መሣሪያው ነው።

ኤምአርአይ በየመጠለያው ይተከል ማለት ቅዠት ነው። ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ስኳሩ ትክክል ሆኖ ውኃ የማይጠግብ ሰው ሽንቱ በቀን ስንት ሊትር እንደሆነ ይለካ፤ ሶዲየሙ ይታይ፤ የደረት ራጅ ይነሣ። ቲቢም አስምም ተብሎ በመድኃኒት ያልዳነ ሳል እንደገና ይጠየቅ። ግፊቱ ወርዶ በፈሳሽ የማይመለስ ሕመምተኛ ሃይድሮኮርቲዞን ይሰጠው፤ ርካሽ መድኃኒት ነው፣ ሕይወትም ያተርፋል። የታይሮይድ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ ከሃይድሮኮርቲዞኑ በኋላ እንጂ በፊት አይሰጠው። ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚጻፍ የሪፈር ወረቀትም «ራስ ምታትና ሳል» ብሎ አይቁም፤ ጥሙን፣ ሽንቱንና የዓይኑን ሁኔታ ይጨምር። ወረቀቱን የሚቀበለው ሐኪም የት መፈለግ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያች መስመር ነው።